አውሮፕላኑ የት ቆሞ ነበር? የበር ምደባ መዝገብና የምስለ በረራ ተአማኒነት

የምስለ በረራ ጥናት ባለፉት ዐሥርት ዓመታት ረጅም መንገድ ተጉዟል። የሞተሩ ግፊት፣ የክንፉ ጠባይ፣ የነፋሱ አቅጣጫ፣ የአየሩ ሙቀትና የማኮብኮቢያው ተዳፋት በጥንቃቄ ተለክተው ወደ ሞዴሉ ይገባሉ። የአየር ጠባይ ዘገባው የተሳሳተ ሰዓት ቢሆን ጉድለቱ ተጠቅሶ ይታረማል። አውሮፕላኑ መንገደኞቹን ያሳፈረበትና ያወረደበት ስፍራ ግን ብዙውን ጊዜ በግምት ይሞላል። ሞዴሉ አውሮፕላኑን ከአንድ በር ያስነሣል፤ ያ በር በዕለቱ የእርሱ ነበር ወይስ የሌላ ብሎ የሚጠይቅ ጥቂት ነው።

ይህ ልማድ ሊታረም ይገባዋል። አንድ በረራ በየትኛው በር እንደ ቆመ የሚገልጸው መረጃ እንደ ማንኛውም የምርምር መረጃ የሚፈለግ፣ የሚመዘንና ምንጩ የሚገለጽ ነው። ልዩ የሚያደርገው ፈጥኖ መጥፋቱ ነው። የበሩ ቁጥር በተርሚናሉ ሰሌዳ ላይ ለጥቂት ሰዓታት ለሁሉም ይታያል፤ በረራው ከወጣ በኋላ ከሰሌዳው ይነሣል። ከዓመት በኋላ መረጃውን የሚፈልግ ተመራማሪ የበረራውን ቁጥር፣ የአውሮፕላኑን ዓይነትና የተነሣበትን ደቂቃ ሊያገኝ ይችላል፤ የቆመበትን ስፍራ ማግኘት ግን እጅግ ይከብደዋል። ስለዚህ ተአማኒ ምስለ በረራ የሚሹ ተመራማሪዎች መረጃውን በዕለቱ ሊሰበስቡ፣ በሞዴላቸው ውስጥ ያለው እያንዳንዱ ምደባም ከምን እንደ ተገኘ በግልጽ ሊጽፉ ይገባል። አውሮፕላን ማረፊያዎችም በበኩላቸው ያለፈውን መዝገብ ለምርምር ሊከፍቱ ይገባል።

በርና ማቆሚያ አንድ አይደሉም

ፍለጋው የሚጀምረው ቃላትን ከመለየት ነው። መንገደኛ «በር» የሚለው የመሳፈሪያ ወረቀቱን አሳይቶ የሚያልፍበትን ስፍራ ነው። አብራሪውና የምድር ትራፊክ ተቆጣጣሪው የሚነጋገሩት ግን ስለ «ማቆሚያ» ነው፤ ይህም የአውሮፕላኑ የፊት ጎማ የሚያርፍበት፣ ኬንትሮስና ኬክሮሱ የታወቀ የሜዳው ክፍል ነው። የመሳፈሪያ ድልድይ ባለበት ስፍራ ሁለቱ ይገጣጠማሉ። መንገደኞች በአውቶቡስ በሚጓጓዙበት ጊዜ ግን ይለያያሉ። በሰሌዳው ላይ የተጻፈው በር አውቶቡሱ የሚነሣበት ብቻ ሊሆን ይችላል፤ አውሮፕላኑ በሜዳው ሌላኛ ጫፍ ቆሞ ይሆናል። የበሩን ቁጥር ከሰሌዳ ወስዶ አውሮፕላኑን በዚያ በር ደጃፍ የሚያቆም ሞዴል በትክክለኛ መረጃ የተሳሳተ ሥዕል ይሠራል።

ማቆሚያዎችም እርስ በርሳቸው እኩል አይደሉም። ዓለም አቀፉ የሲቪል አቪዬሽን ድርጅት በቺካጎ ስምምነት 14ኛ አባሪ አውሮፕላኖችን በክንፋቸው ስፋት በፊደል ይመድባል። ቦይንግ 737 የሚገኝበት የሲ ምድብ ከ24 እስከ 36 ሜትር፣ ቦይንግ 787ና ኤርባስ ኤ350 የሚገኙበት የኢ ምድብ ደግሞ ከ52 እስከ 65 ሜትር ያለውን ስፋት ይይዛል። በማቆሚያ ላይ በአውሮፕላኑና በአጠገቡ ባለው አውሮፕላን ወይም ሕንፃ መካከል ሊኖር የሚገባው ዝቅተኛ ክፍተት ለሲ ምድብ 4.5 ሜትር፣ ለኢ ምድብ 7.5 ሜትር ነው። አንዳንድ ማቆሚያዎች እንደ አስፈላጊነቱ አንድ ሰፊ አውሮፕላን ወይም ጎን ለጎን ሁለት ጠባብ አውሮፕላኖች እንዲይዙ ሆነው ይሠራሉ። በእንዲህ ያለው ስፍራ ሰፊው ሲቆም ሁለቱ የጠባቦቹ ቦታዎች ይዘጋሉ። ስለዚህ የበሩ ቁጥር ብቻውን ግማሽ መረጃ ነው፤ ማቆሚያው፣ የአውሮፕላኑ ዓይነትና የአቋቋሙ ሁኔታ አብረው ሲመዘገቡ ብቻ ለሞዴል ይበቃል።

ምንጮቹና ገደባቸው

ወደ እውነተኛው ምደባ የሚያደርሱ መንገዶች አሉ፤ ብቻውን የሚበቃ ግን የለም።

የመጀመሪያው ምንጭ የአውሮፕላን ማረፊያው የራሱ የበረራ መረጃ ነው። የአምስተርዳሙ ስኪፖል አውሮፕላን ማረፊያ ለሶፍትዌር አዘጋጆች በከፈተው አገልግሎት ከበረራው ቁጥርና ሰዓት ጋር የበሩን ቁጥር ጭምር ይሰጣል። ይህ ሊመሰገንና ሊኮረጅ የሚገባው አሠራር ነው። ሌሎች ብዙ አውሮፕላን ማረፊያዎች ግን ለተነሺ በረራ በሩን ሲገልጹ ለደራሽ በረራ ተርሚናሉን ወይም የሻንጣ መረከቢያውን ብቻ ይናገራሉ። ምክንያቱ ግልጽ ነው፤ መረጃው የተዘጋጀው ለመንገደኛ ነው፤ ተቀባይም ለመንገደኛ የሚያስፈልገው የሚወጣበት አዳራሽ እንጂ አውሮፕላኑ የቆመበት ኮንክሪት አይደለም። ለሞዴል ሠሪው ግን የደራሹ ማቆሚያ ከተነሺው እኩል ያስፈልገዋል።

ሁለተኛው ምንጭ አገሮች የሚያሳትሙት የበረራ መረጃ መድበል ነው። በውስጡ የማቆሚያዎቹ ቁጥር፣ አቀማመጥና በብዙ ስፍራ የእያንዳንዱ ማቆሚያ ኬንትሮስና ኬክሮስ ይገኛል። መድበሉ በ28 ቀን ዑደት ስለሚታደስ ለተወሰነ ቀን የጸናው ካርታ የትኛው እንደሆነ ማወቅ ይቻላል። ይህ ምንጭ ግን ቤቱን እንጂ ነዋሪውን አያሳይም። ማቆሚያው የት እንዳለ ይናገራል፤ በዚያ ቀን ማን እንደ ቆመበት ዝም ይላል።

ሦስተኛው ምንጭ የመንግሥት ስታቲስቲክስ ነው፤ እዚህ ላይ ያለው ክፍተት እጅግ ትምህርት ሰጪ ነው። የአሜሪካ የትራንስፖርት ስታቲስቲክስ ቢሮ መዝገብ እ.ኤ.አ. ከ1987 ጀምሮ ያለውን የታላላቅ አየር መንገዶች የአገር ውስጥ በረራዎች የሰዓት አከባበር በየበረራው ይይዛል። እ.ኤ.አ. ከ1995 ወዲህ የአውሮፕላኑ የምዝገባ ምልክት፣ ጎማው ከምድር የለቀቀበትና ምድር የነካበት ሰዓት፣ እንዲሁም በምድር ላይ ሲንቀሳቀስ ያሳለፈው ደቂቃ ተጨምረዋል። በዚህ መዝገብ መነሻ ሰዓት ማለት አውሮፕላኑ ከበሩ የለቀቀበት ሰዓት ነው፤ መድረሻ ሰዓትም በሩ ላይ የቆመበት ነው። ጉዞው ሁሉ ከበር እስከ በር ይለካል፤ በሩ የትኛው እንደ ነበረ የሚናገር ዓምድ ግን የለም። በዚህ የተነሣ አንድ በረራ በምድር ላይ 22 ደቂቃ እንዳሳለፈ ያወቀ ተመራማሪ፣ ከዚያ ውስጥ ምን ያህሉ ከሩቅ ማቆሚያ የመጣ ርቀት፣ ምን ያህሉ ደግሞ ተራ መጠበቅ እንደ ነበረ ከመዝገቡ ብቻ ሊለይ አይችልም።

አራተኛው ምንጭ አውሮፕላኑ ራሱ የሚያሰራጨው ምልክት ነው። ኤዲኤስ-ቢ በተባለው ሥርዓት አውሮፕላኖች ቦታቸውን በሬዲዮ ያሳውቃሉ፤ በምድር ላይ ሲንቀሳቀሱ በሴኮንድ ሁለት ጊዜ፣ ቆመው ሳሉ ደግሞ በየአምስት ሴኮንዱ። ለትርፍ ያልተቋቋመው የኦፕንስካይ ኔትዎርክ ከበጎ ፈቃደኞች ተቀባይ መሣሪያዎች የሚሰበሰበውን ምልክት ለተመራማሪዎች ያቀርባል። የአውሮፕላኑን የመጨረሻ ነጥብ ከመድበሉ የማቆሚያ ዝርዝር ጋር በማነጻጸር ቅርቡን ማቆሚያ መምረጥ ይቻላል። ዛሬ ያለፈን ቀን ምደባ መልሶ ለማግኘት ከዚህ የተሻለ ክፍት መንገድ የለም ማለት ይቻላል። ቢሆንም ሦስት ወጥመዶች አሉበት። የምድር ምልክት በሕንፃ ስለሚጋረድ በአውሮፕላን ማረፊያው አጠገብ ተቀባይ ከሌለ አይሰማም። አብራሪዎች ማቆሚያው ጋ ሲደርሱ ትራንስፖንደሩን ስለሚያጠፉ የመጨረሻው ነጥብ ከማቆሚያው በፊት ሊቀር ይችላል። ከዚህም በላይ የቦታው ትክክለኛነት ራሱ ይለያያል፤ ምልክቱ ስለ ራሱ ከሚናገራቸው የትክክለኛነት ደረጃዎች ዘጠነኛው ከ30 ሜትር ያነሰ፣ ዐሥረኛው ከ10 ሜትር ያነሰ ስሕተትን ያመለክታል። የሲ ምድብ ማቆሚያዎች ተጎራብተው ሲሠሩ ማዕከላቸው በ40 ሜትር ገደማ ሊራራቅ እንደሚችል ከላይ ካለው ልኬት ይገባል። ስለዚህ የ30 ሜትር ስሕተት አውሮፕላኑን ወደ ጎረቤቱ ሊያሻግረው ይችላል። ደረጃውን ሳያዩ ቅርቡን ማቆሚያ መውሰድ ግምትን በቁጥር ልብስ ማስጌጥ ነው።

የአብራሪዎችንና የተቆጣጣሪዎችን የሬዲዮ ንግግር ማዳመጥም እንደ ምንጭ የሚጠቀስ ነው። ማቆሚያው በግልጽ ስለሚነገር መረጃው ጠንካራ ነው፤ ነገር ግን እንደ ብሪታንያ ባሉ አገሮች እንዲህ ያለውን ንግግር ማዳመጥ ሕግ አይፈቅድም። ተመራማሪ ከመቅዳቱ በፊት የአገሩን ሕግ ማወቅ ይኖርበታል።

በመጨረሻ የምስለ በረራ ሶፍትዌሮች ራሳቸው የያዙት መረጃ አለ። በኤክስ-ፕሌንም ሆነ በማይክሮሶፍት ፍላይት ሲሙሌተር የአውሮፕላን ማረፊያ ሞዴሎች ለእያንዳንዱ ማቆሚያ የሚፈቀደው የአውሮፕላን መጠንና በዚያ የሚቆሙት አየር መንገዶች ምልክት ሊመዘገብ ይችላል። በፈቃደኞች ድካም የተሠራ ጠቃሚ ዕውቀት ነው። ሆኖም የሚናገረው ስለ ልማድ ነው፤ «ይህ አየር መንገድ ብዙውን ጊዜ በዚህ ወገን ይቆማል» ይላል። በአሜሪካ አየር መንገዶች በሮችን በኪራይ በሚይዙባቸው ማረፊያዎች ልማዱ ለእውነቱ ይቀርባል። በሮች በጋራ በሚገለገሉባቸው ማረፊያዎች ግን ምደባው የዕለት ውሳኔ ነው፤ ልማዱም ዕለቱን አይተካም።

ግምት የሚሸሽገው

እዚህ ላይ አንድ ጠንካራ ተቃውሞ ይነሣል። ሞዴል የእውነታ ቅጂ እንዲሆን አይጠበቅበትም፤ የበሮቹ አጠቃላይ ሥርጭት ትክክል ከሆነ እያንዳንዱን በረራ በዕጣ መመደብ ለምን አይበቃም? ለአንዳንድ ዓላማ በእርግጥ ይበቃል። አንድ አብራሪ ከማቆሚያ ተገፍቶ ወጥቶ እስከ ማኮብኮቢያው የሚሄድበትን ሥርዓት ሲለማመድ፣ የሚነሣበት በር አመክንዮ ያለው መሆኑ በቂ ነው። በዚያን ቀን በእርግጥ የተጠቀመበት መሆን የለበትም።

ተቃውሞው የሚወድቀው ጥናቱ ስለ ሜዳው አጠቃላይ እንቅስቃሴ በሚሆንበት ጊዜ ነው። ምደባዎች እርስ በርሳቸው የተሳሰሩ ናቸውና። ለምሳሌ ያህል በአንድ ማቆሚያ ሁለት አውሮፕላኖች በ20 ደቂቃ ልዩነት ሊተካኩ ታቅዶ ነበር እንበል። የመጀመሪያው በ35 ደቂቃ ቢዘገይ ሁለተኛው ወይ በታክሲዌይ ላይ ሞተሩን እያሠራ ይጠብቃል፣ ወይ ወደ ሌላ ማቆሚያ ይዛወራል። ከተዛወረ ለዚያ ማቆሚያ ታስቦ የነበረው ሦስተኛ አውሮፕላን ቦታ ያጣል። አንዱ መዘግየት ሦስት በረራዎችን ያንቀሳቅሳል። በረራዎቹን አንድ በአንድ በዕጣ የሚመድብ ሞዴል ይህን ሰንሰለት አያውቀውም። ሁለት አውሮፕላኖችን በአንድ ማቆሚያ ላይ ያደራርባል፤ ያን እንዳያደርግ ሲታገድ ደግሞ ባዶ ማቆሚያ ፈልጎ ጥበቃውን ይሰውራል። የተሰወረው ጥበቃ ደግሞ ብዙውን ጊዜ ጥናቱ ሊለካው የተነሣው ነገር ነው።

የርቀቱም ጉዳይ ቀላል አይደለም። በምድር ላይ በ15 ኖት፣ ማለትም በሰዓት 28 ኪሎ ሜትር ገደማ የሚንቀሳቀስ አውሮፕላን 1,500 ሜትር ለመሄድ ከሦስት ደቂቃ በላይ ይፈጅበታል። በቅርብና በሩቅ ማቆሚያ መካከል እንዲህ ያለ ልዩነት በትልቅ አውሮፕላን ማረፊያ ውስጥ እንግዳ አይደለም። የነዳጅ ፍጆታን ወይም የተራ ጥበቃን በደቂቃ የሚያሰላ ሞዴል በሩን ሲስት ሦስት ደቂቃ ይስታል፤ ቀጥሎም ያንን ስሕተት ለአየር ትራፊኩ መጨናነቅ ያስከፍለዋል።

የበር ምደባ ራሱን የቻለ የምርምር ዘርፍ ከሆነ ቆይቷል። ባቢች፣ ቴዎዶሮቪችና ቶሺች እ.ኤ.አ. በ1984 መንገደኞች በእግር የሚሄዱት ርቀት የሚያንስበትን ምደባ የሚያገኝ ስልት አሳተሙ። ማንጉቢና ማታይሰል እ.ኤ.አ. በ1985 የቶሮንቶን አውሮፕላን ማረፊያ ምሳሌ አድርገው ተመሳሳይ ጥያቄ መረመሩ። ከዚያ ወዲህ ጥሩውን ምደባ የሚያሰሉ አልጎሪዝሞች ተበራክተዋል። ነገር ግን የትኛው ምደባ እንደሚሻል ማስላትና በዕለቱ የትኛው ምደባ እንደ ተደረገ ማወቅ ሁለት የተለያዩ ዕውቀቶች ናቸው። የመጀመሪያው በስሌት ይገኛል፤ ሁለተኛው የሚገኘው በመዝገብ ብቻ ነው። አልጎሪዝም ያወጣውን ምርጥ ምደባ ወስዶ «እውነተኛ ቀን» ብሎ የሚያስመስል ጥናት ሠራተኞቹ በዝናብና በመዘግየት መካከል የወሰኑትን ውሳኔ ሰርዞ ያለ ችግር ያለፈ ቀን ይፈጥራል። በእንዲህ ያለው ቀን ላይ የተፈተነ መፍትሔ ምን ያህል እንደሚጠቅም ማንም ሊያውቅ አይችልም።

የማስረጃ ደረጃ

መፍትሔው ምሉዕ መረጃ እስኪገኝ ድረስ ሥራ ማቆም አይደለም። የሚያስፈልገው ሐቀኛ ምልክት ነው። በሞዴሉ ውስጥ ያለ እያንዳንዱ ምደባ ከአራት ደረጃዎች አንዱን ቢይዝ አንባቢው የውጤቱን ክብደት ሊመዝን ይችላል። ደረጃ ሀ፣ በዕለቱ በአውሮፕላን ማረፊያው የታወጀና በአውሮፕላኑ የምድር ምልክት የተረጋገጠ፤ ደረጃ ለ፣ ከሁለቱ በአንዱ ብቻ የተገኘ፤ ደረጃ ሐ፣ ከአየር መንገዱ ልማድ፣ ከአውሮፕላኑ መጠንና ከተርሚናሉ ደንብ የተገመተ፤ ደረጃ መ፣ በዕጣ የተሞላ። አንድ ጥናት ከምደባዎቹ ምን ያህሉ በየደረጃው እንዳሉ በአንድ ዐረፍተ ነገር ቢገልጽ የሚያጣው ነገር የለም። አንባቢው ግን ብዙ ያተርፋል፤ ምክንያቱም የሐና የመ ድርሻ በበዛበት ጥናት ውስጥ በማቆሚያ ላይ የተመሠረተ መደምደሚያ በጥንቃቄ መነበብ እንዳለበት ያውቃል።

አመዘጋገቡም ሥርዓት ይሻል። የመዝገቡ መሠረት ሊሆን የሚገባው አውሮፕላኑ ነው፤ የበረራ ቁጥሩ አይበቃም። አንድ አውሮፕላን በአንድ ቁጥር ይገባል፣ በሌላ ቁጥር ይወጣል፤ ማቆሚያውን የያዘበት ጊዜ የሚታወቀው ሁለቱ በምዝገባ ምልክቱ ሲያያዙ ነው። በመካከሉ ለረጅም ጊዜ የሚቆይ ከሆነ ተጎትቶ ወደ ሌላ ማቆሚያ ሊወሰድና ለመነሻው ሊመለስ ስለሚችል፣ የደረሰበትና የተነሣበት ማቆሚያ አንድ ነው ብሎ ማሰብ አይገባም። የበር ለውጥም ሊመዘገብ ይገባዋል። የመጨረሻውን ቁጥር ብቻ የያዘ መዝገብ ውሳኔው ስንት ጊዜ እንደ ተለወጠና መቼ እንደ ተለወጠ አይናገርም። ለሜዳው ጥናት ደግሞ ለውጡ ከመጨረሻው ቁጥር ያላነሰ ዋጋ አለው።

የቦሌ ጉዳይ

ይህ ጥያቄ ለኢትዮጵያ ተመራማሪዎች ቅርብ ነው። የአዲስ አበባ ቦሌ ዓለም አቀፍ አውሮፕላን ማረፊያ በሁለት ትይዩ ማኮብኮቢያዎች የሚገለገል፣ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ያለ ስፍራ ነው። ቦሌን የሚያሳይ ጥሩ ሞዴል ቀጭኑ አየር በሞተርና በክንፍ ላይ የሚያመጣውን ለውጥ ሳያሰላ አያልፍም። ያው ሞዴል አውሮፕላኖቹን በማቆሚያ ላይ በዘፈቀደ ቢደረድር ግን የቦሌን ዋነኛ ጠባይ ይስታል። ቦሌ የመሸጋገሪያ ማዕከል ነውና በረራዎቹ በማዕበል ይመጣሉ፣ በማዕበል ይሄዳሉ። ከአውሮፓ፣ ከእስያና ከአሜሪካ የመጡት ማለዳ ይገባሉ፤ መንገደኞቻቸው ረፋዱን ወደ አፍሪካ ከተሞች ይበተናሉ። ምሽት ላይ ከአፍሪካ የተመለሱት ይሰበሰባሉ፤ ሌሊቱን ወደ ሩቅ አህጉራት የሚበሩት ይነሣሉ። በእነዚህ ሰዓታት በር ብርቅ ነው። ከድልድይ ጋር የተያያዘውን ማቆሚያ ማን አገኘ፣ ማን በሩቁ ቆሞ መንገደኞቹን በአውቶቡስ አመላለሰ የሚለው ጥያቄ አንድ ተሸጋጋሪ ቀጣዩን በረራ ለመድረስ ይበቃው እንደሆነ ይወስናል። በዕጣ የሚደረግ ምደባ እጅግ የሚሳሳተውም በዚሁ ሰዓት ነው።

ቦሌን ለሚያጠና ሰው የሰዓት አቆጣጠርም የራሱ ወጥመድ አለው። የአቪዬሽን መዝገብ የሚጻፈው በዓለም አቀፉ የጋራ ሰዓት ነው፤ አዲስ አበባ ከዚያ በሦስት ሰዓት ትቀድማለች፤ የአገሬው አቆጣጠር ደግሞ ቀኑን ከንጋት ይጀምራል። ከጠዋቱ 3 ሰዓት የተነሣ በረራ በተርሚናሉ ሰሌዳ 9፡00፣ በአቪዬሽኑ መዝገብ 6፡00 ነው። ከሌሊቱ 7 ሰዓት የተነሣው ደግሞ በሰሌዳው 1፡00፣ በአቪዬሽኑ መዝገብ ግን የትናንቱ 22፡00 ይሆናል። ብዙዎቹ የረጅም ርቀት በረራዎች በሌሊት ስለሚነሡ፣ ቀኑን ያላስተካከለ ሰብሳቢ የአንዱን ሌሊት ማዕበል በሁለት ቀን ይከፍለዋል። ሰሌዳውን በእጅ የሚመዘግብ ተማሪ ሦስቱን አቆጣጠሮች ከመጀመሪያው በተለያየ ዓምድ ሊይዛቸው ይገባል።

መረጃውን ለመክፈት ኢትዮጵያ ያላት ሁኔታ ከብዙ አገሮች የቀለለ ነው። እ.ኤ.አ. በ2017 የኤርፖርቶች ድርጅት ከኢትዮጵያ አየር መንገድ ጋር በአንድ ግሩፕ ሥር ተዋሕዷል። ስለዚህ ማቆሚያውን የሚያስተዳድረውና ከሁሉ በላይ የሚገለገልበት አንድ ቤት ናቸው። በሌላ አገር በአውሮፕላን ማረፊያውና በደርዘን አየር መንገዶች መካከል የሚደረገው ድርድር እዚህ በእጅጉ ያጥራል። ከቦይንግ 787 እስከ ኤርባስ ኤ350 የሚያስመስሉ መለማመጃዎች በአዲስ አበባ ይገኛሉ፤ የኢትዮጵያ አቪዬሽን ዩኒቨርሲቲም የአቪዬሽን ትምህርትን በከፍተኛ ደረጃ ይሰጣል። መረጃው፣ መሣሪያውና ተማሪው በአንድ ከተማ ውስጥ አሉ።

ጊዜውም አስገዳጅ ነው። በቢሾፍቱ አቅራቢያ የታቀደው አዲስ አውሮፕላን ማረፊያ ሙሉ በሙሉ ሲጠናቀቅ በዓመት 110 ሚሊዮን መንገደኞችን እንዲያስተናግድ የታለመ ነው። በእንዲህ ያለ ሥራ ስንት ማቆሚያ በድልድይ፣ ስንት በሩቅ፣ ስንቱ ለሰፊ፣ ስንቱ ለጠባብ አውሮፕላን የሚሉት ጥያቄዎች በኮንክሪት ከመጻፋቸው በፊት በሞዴል መፈተን አለባቸው። የአዲስ አበባን ማዕበል የሚያውቅ የሥራ ልምድ የተከማቸው ደግሞ በቦሌ ብቻ ነው። ዛሬ ቦሌ ላይ የሚሰረዝ እያንዳንዱ የበር ቁጥር ነገ ለቢሾፍቱ ሞዴል መመዘኛ ሊሆን ይችል የነበረ ማስረጃ ነው።

ስለ ምስጢርና ስለ ድካም

መዝገቡን መክፈት የደኅንነት ስጋት ያመጣል የሚል ሐሳብ ሊነሣ ይችላል። ስጋቱ መናቅ የለበትም፤ ነገር ግን ዳርቻው መታወቅ አለበት። የንግድ በረራ በር በዕለቱ በአደባባይ ሰሌዳ ላይ ለሺዎች ይታያል። ዛሬ ለሁሉም የታየ ቁጥር ከወራት በኋላ ለተመራማሪ ቢሰጥ አዲስ ምስጢር አይገለጥም። የመንግሥት መሪዎችን፣ የወታደራዊና የልዩ ጭነት በረራዎችን ከመዝገቡ አውጥቶ የቀረውን በስድስት ወር ወይም በዓመት መዘግየት መስጠት ስጋቱንም የምርምሩንም ፍላጎት ይመልሳል።

የንግድ ምስጢር ነው የሚለውም በተመሳሳይ መዘግየት ይቀላል። ያለፈው ወቅት ምደባ ለተወዳዳሪ የሚሰጠው ጥቅም አነስተኛ ነው፤ አውሮፕላኖቹ የት እንደ ቆሙም ከሳተላይት ምስልና ከምድር ምልክት በከፊል ይታወቃል። የወጪው ጉዳይ ደግሞ ከሁሉ ቀላሉ ነው። በብዙ አውሮፕላን ማረፊያዎች የማቆሚያና የመሳፈሪያ ድልድይ አገልግሎት ክፍያ ስለሚጠየቅበት ማን የት ለምን ያህል ጊዜ እንደ ቆመ አስቀድሞ ተመዝግቧል። ለምርምር የሚጠየቀው ለሒሳብ ክፍሉ የተጻፈው መዝገብ የግል መረጃ ተነሥቶለት በየጊዜው እንዲወጣ ነው።

በሩ እስኪከፈት ድረስ ግን ተመራማሪዎች እጃቸውን አጣጥፈው ሊቀመጡ አይገባም። ጥቂት ተማሪዎች ለአንድ የ28 ቀን ዑደት፣ ማለትም የማቆሚያ ካርታው በማይለወጥበት ጊዜ ውስጥ፣ በይፋ የሚታየውን የበር መረጃ በየዐሥራ አምስት ደቂቃው ቢመዘግቡና ከክፍት የምድር ምልክት ጋር ቢያመሳክሩ ከብዙ ዓመት ግምት የሚበልጥ መሠረት ይጥላሉ። ስብስቡ የክፍተቶቹን ዝርዝር ጭምር ይዞ በዩኒቨርሲቲ መዝገብ ቤት ቢቀመጥ ቀጣዩ ተማሪ ከባዶ አይጀምርም።

የድኅረ ምረቃ ጥናት መርማሪዎችም የራሳቸው ድርሻ አላቸው። የአውሮፕላን ማረፊያ ሞዴል የያዘ የመመረቂያ ጽሑፍ ሲቀርብላቸው ስለ ነፋሱና ስለ ሞተሩ እንደሚጠይቁት ሁሉ «አውሮፕላኖቹን በእነዚህ በሮች ላይ ያቆምካቸው ከምን ተነሥተህ ነው?» ብለው ሊጠይቁ ይገባል። መልሱ «በዕጣ» ቢሆንም ነውር የለበትም፤ ጥናቱ ያንን መልስ በግልጽ ጽፎ መደምደሚያውንም በዚያው ልክ እስከ ገደበ ድረስ።